የባቡር ከተማ፦ የድሬዳዋ አነሣሥና የጣቢያው መዳከም

እንደ እምድብር ያሉት የጉራጌ ከተሞች ያደጉት በገበያና በመንገድ ነው፤ ድሬዳዋን ግን የፈጠራት የምድር ባቡር ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ከጂቡቲ የሚነሣው ሐዲድ በሐረር እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራውን ማስወጣት እጅግ አድካሚና ውድ ስለ ሆነ፣ መሥመሩ በግርጌው ሄደ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይም ከተማ ተቆረቆረ።

አሰፋፈሩ የሥራውን ክፍፍል ይገልጻል። ከደቻቱ ወንዝ በስተ ምዕራብ ኩባንያው ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ከዚራን ሠራ፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ የነጋዴው ሰፈር መጋላ ተስፋፋ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዐማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡና ግሪኩ በአንድ ገበያ ተገናኙ። በኩባንያው ዘንድ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና፣ ሠራተኛው ከሙያው ጋር ቋንቋውንም ተማረ።

ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላም፣ የጥገናው ማእከል ድሬዳዋ ነበረች። በ1969 ዓ.ም. የተነሣው የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮችን አፈረሰ፤ የጭነት መኪናም ዕቃውን ወሰደ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ተቋረጠ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያውን ከከተማው ውጭ አደረገ።

ይሁን እንጂ ከተማዋ ከጣቢያው ጋር አልወደቀችም፤ ገበያው የራሱን ሥር ሰድዶ ነበርና። የተቋረጠው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው የባቡረኛው ሙያ ነው። ስለዚህ አጥኚው አስቀድሞ ሊመዘግብ የሚገባው ከሕንፃዎቹ ይልቅ በሽማግሎቹ ዘንድ የቀረውን ዕውቀት ነው።