ለገና የቤት ኅብረቱ አይዘጋ፤ ድግስም አይሁን

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በብዙ የወንጌላውያን የቤት ኅብረቶች ላይ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይደርሳል። ወይ መሪው «ከበዓል በኋላ እንገናኝ» ብሎ በቴሌግራም ይለጥፍና ኅብረቱ እስከ ጥምቀት ማግስት ይዘጋል፤ ወይ ኅብረቱ ራሱ የበዓል ኮሚቴ ይሆንና መዋጮ ይሰበሰባል፣ ኬክ ይታዘዛል፣ የስጦታ ዕጣ ይወጣል፣ ጥናቱ «ለዛሬ ይለፈን» ይባላል። ሁለቱንም የሚያደርጉት ቅን ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ሁለቱም ስሕተት ናቸው ባይ ነኝ። ኅብረቱ በገና ሰሞን ሳይቋረጥ፣ እንዲያውም ከወትሮው ቀለል ብሎ ቢቀጥል ይሻላል፤ ልኩም ከመካከላችን ኪሱ የሳሳው ወይም ልቡ ያዘነው ሰው ሳይሳቀቅ የሚቀመጥበት ይሁን።

ምክንያቴን ከታሪኩ ከራሱ ልጀምር። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ላይ የምሥራቹን በመቅደስ የሰማው ካህኑ ዘካርያስ ዲዳ ሆኖ ይወጣል፤ መናገር የሚገባው ሰው መናገር አልቻለም። ነገሩ በሰው አፍ መጀመሪያ የተወራው በይሁዳ ተራራማ አገር፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት አሮጊትና በአንዲት ወጣት መካከል ነው። ማርያም እዚያ ሦስት ወር ያህል ተቀምጣለች። ስለ ግርግሙም ቢሆን ልብ ማለት ይገባል። ሉቃስ 2፥7 ላይ ቦታ ያልተገኘበትን ማደሪያ የሚያመለክተው የግሪክ ቃል ጌታ የመጨረሻውን እራት የበላበትን የእንግዳ ክፍል ለመጥራት በምዕራፍ 22 ከገባው ቃል ጋር አንድ ነው፤ ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ያሳደረበት፣ ሒሳብ የሚከፈልበት ማረፊያ ግን በሌላ ቃል ተጠርቷል። ስለዚህ ብዙ አጥኚዎች ትዕይንቱን የሚያዩት በእንግዳ የተጨናነቀ የመኖሪያ ቤት አድርገው ነው። ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ገጠር ላደገ ሰው ይህ አያስቸግረውም፤ ጋጣው ከምድጃው ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው። (በየዓመቱ በመድረክ ድራማ ላይ በሩን በቁጣ የሚዘጋው የማረፊያ ባለቤት፣ በነገራችን ላይ፣ በሉቃስ ውስጥ የለም።) የልደቱ ታሪክ ከአዳራሽ ይልቅ ለጠባብ ሳሎን የሚቀርበው ለዚህ ነው። እሑድ በመዘምራንና በድምፅ ማጉያ የሚቀርበው ዝግጅት የራሱ ቦታ አለው። ሁለቱን ምዕራፎች ቀስ ብሎ አንብቦ «እዚህ ጋ ምን አያችሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጠበቅ ግን ስምንት ሰው በተቀመጠበት ቤት ነው የሚቻለው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙ መሪዎች የሚያልፉት ይህን ነውና። ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ወደ ኢየሩሳሌም ይዘው ሲወጡ ስላቀረቡት መሥዋዕት ሉቃስ የሚጠቅሰው ወፎችን ብቻ ነው። ዘሌዋውያን 12ን ገልጦ ያየ ሰው ትርጉሙ ይገባዋል። ሕጉ የወለደች እናት አንድ የዓመት ጠቦት ለሚቃጠል መሥዋዕት፣ አንድ ወፍ ደግሞ ለኃጢአት መሥዋዕት እንድታቀርብ ያዝዛል፤ ለጠቦት አቅሙ ከሌላት ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይበቃል። እነዚህ ወላጆች የደኸየውን ሰው መሥዋዕት ነው ያቀረቡት። ሕጉ ዝቅተኛውን መጠን አስቀድሞ በማስቀመጡ ደሃዋ እናት ከመቅደሱ አልቀረችም፤ ጠቦት ካመጣችው ጋር እዚያው ቆማለች፣ መንጻቷም ከእሷ አያንስም። ከዚህ ጎን የእኛን መዋጮ አስቀምጡት። በቡድኑ ቻት ላይ ስም ከነብሩ ይጻፋል፣ ከጎኑ አረንጓዴ ምልክት ይደረግበታል፣ እያንዳንዱ ኮፒ እያደረገ የራሱን ስም ከሥር ይጨምርና መልሶ ይልከዋል። በሦስተኛው ቀን ያልጻፈው ማን እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ማንም አልወቀሰውም፣ ዝርዝሩ ግን ተናግሮበታል። በሚቀጥለው ሳምንት ያ ሰው «ሥራ በዛብኝ» ይልና ይቀራል። የዶሮና የዘይት ዋጋ ቤቱን ባናጋበት ወር «ከ500 ብር ያላነሰ ስጦታ» የሚል የዕጣ ልውውጥ ሲታከልበት ደግሞ ከኅብረቱ ያራቅነው ራሱ በዓሉ የተሰበከለትን ሰው ነው።

«ታዲያ ካልተዋጣ ችግረኛውን በምን እንርዳው?» የሚል አይጠፋም። ይዋጣ እንጂ! ገንዘብ ያዥ የሆነ አንድ የታመነ ሰው ይኑር፤ የሰጠው ሰው ስምም መጠኑም በእሱ ዘንድ ይቅር። ለማን እንደሚሰጥም ስም አይጠራ። ይህን ማድረግ ዝርዝር ከመለጠፍ የከበደ ሥራ አይደለም፤ ከባዱ ነገር ሰጪው መታየትን መተዉ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ «ገና የደስታ በዓል ነው፣ ለምን ሐዘን ታስገባበታለህ?» የሚል ነው። ሐዘኑን እኔ አላስገባሁትም፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ውስጥ አለ። ሰብአ ሰገል ስጦታቸውን አቅርበው በሌላ መንገድ ከሄዱ በኋላ (ቁጥራቸው ሦስት ነው የሚልም አልተጻፈም፣ ሦስት የተባለው የስጦታው ዓይነት ነው) ቤተሰቡ በሌሊት ወደ ግብፅ ይሰደዳል፤ ሄሮድስ በቤተ ልሔም ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆናቸውን ወንዶች ልጆች ያስገድላል፤ ወንጌላዊውም ስለ ልጆችዋ መጽናናትን እንቢ ያለችውን የኤርምያስን ራሔል ይጠራል። ይህን ክፍል በመድረክ ድራማ ላይ የሚያቀርብ እምብዛም የለም፤ ልጆች ባሉበት ባይቀርብም አልፈርድም። ግን ሐዘን የገባበት ቤት የመጀመሪያው በዓል እንዴት እንደሚከብድ የማያውቅ አበሻ የለም። ከጦርነት ቀዬውን ለቆ የመጣ፣ ልጁ በስደት መንገድ ላይ የጠፋበት፣ ባሏ የሞተባት ሰው በአንድ የቤት ኅብረት ውስጥ መኖሩ ብርቅ አይደለም። ለእነሱ «እንኳን አደረሳችሁ» ከሚል ፖስተር ይልቅ ወንጌሉ ልቅሷቸውን እንደሚያውቅ ማየት ይበልጥባቸዋል። ደስታውም ቢሆን አይጎድልም፤ መልአኩ ታላቁን ደስታ ያበሰረው በሌሊት ተራ መንጋ ሲጠብቁ ለነበሩ ሰዎች ነው።

«ሰው አይመጣም» የሚለውን መሪዎች ሁሉ ይሉታል፤ እውነትም ነው። መዘምራኑ ልምምድ ላይ ናቸው፣ ሌላው ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል፣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ያለው ደግሞ ከወላጆቹ ጋር ጾሙን ሊፈታ ይሄዳል። ይሂድ፤ በበዓሉ ዕለት እናትን ትቶ ለጥናት መቀመጥ መንፈሳዊነት አይደለም። የእኔ ጥያቄ ለቀሩት ሦስት ሰዎች ነው። ቁጥር ማነሱ ኅብረትን እንደማይገድል የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ ሕንፃዎቿን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር ምእመናኑ ወደየቤቱ ገቡ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጥቂት በጥቂት ሆነው ተሰበሰቡ። 5,000 ገደማ ሆና የተዘጋችው ቤተ ክርስቲያን ደርግ ወድቆ በሯ ሲከፈት አባላቷ 34,000 ያህል እንደነበሩ ራሷ ትናገራለች። ስደትን ማንም ስልት አድርጎ አይመርጠውም፤ የዕድገቱም ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ነገር ግን አዳራሽ፣ ኪቦርድና መዋጮ የሌለው ኅብረት ጎዶሎ ነው የሚለውን ግምት ያፈርሰዋል። ሦስት ሰው ከመጣ ከሦስቱ ጋር ይነበብ፤ ያልመጣው ደግሞ ይደወልለት። «ለምን ቀረህ» ለማለት አይደለም፤ «በዓሉ እንዴት ይዞሃል» ለማለት ነው።

ገናን ማክበር በመጽሐፍ ቅዱስ አልታዘዘም የሚሉ ወገኖችም አሉ። ልክ ናቸው፤ ቀኑ አልተጻፈም፤ ዲሴምበር 25 በፈረንጆቹ የጌታ ልደት ተብሎ ለመያዙ የምናውቀው ጥንታዊ ማስረጃም እ.ኤ.አ. በ354 የተጠናቀረ የሮም ሰነድ ነው። ሉቃስ 1 እና 2 ግን ተጽፈዋል። የቀኑን ክርክር ለሚወድ ሰው «ና፣ ምዕራፉን እናንብብ» ማለት ይበቃል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኅብረቶች ሌላ ጭቅጭቅ አለባቸው፤ ልጆቹ በታኅሣሡ የፈረንጆች ገና ትምህርት ቤት ይዘጋላቸዋል፣ ወላጆቹ ልባቸው ያለው ጃንዋሪ 7 ላይ ነው፣ ያ ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሥራ ቀን ሆኖ ያርፋል። የሁለቱ ልዩነት የ13 ቀን የካሌንደር ልዩነት ብቻ ነው፤ የእኛ ታኅሣሥ 29 በዩልዮስ አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው። ከመጨቃጨቅ ሉቃስን ከመጀመሪያው ቀን በፊት፣ ማቴዎስን በሁለቱ መካከል ማንበብ ይቻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለምትሠራ እህት ግን ሁለቱም ቀን የእሷ ላይሆን ይችላል፤ ኅብረቷ የሚገናኘው ፈቃድ ባገኘችበት ሰዓት፣ ምናልባት በስልክ ብቻ ነው። ለእሷ የአሥር ደቂቃ ንባብና ጸሎት በድምፅ መልእክት መላክ የተሟላ ኅብረት ነው።

ለአዲስ መሪ የምመክረው ይህን ያህል ነው። ከታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምራችሁ ሉቃስን በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ አንብቡ፤ የስምዖንና የሐና ክፍል ለበዓሉ ዋዜማ ሳምንት ይድረስ። ቡናና ፈንዲሻ ይበቃል፤ አስተናጋጁ ቤት ከዚያ በላይ እንዳያዘጋጅ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ቀጣዩ አስተናጋጅ ከእሱ ለመብለጥ ይበደራል። የማቴዎስን የስደቱንና የግድያውን ክፍል ከበዓሉ በኋላ ላለው ሳምንት አቆዩት፤ የበጉ ቆዳ ተሽጦ፣ እንግዳው ሄዶ፣ ቤቱ ጭር ባለበት በዚያ ሳምንት ሰው ለመናገር ይቀለዋል። የመዋጮው ዝርዝር ቻቱ ላይ ከወጣ ደግሞ እባካችሁ ዛሬ ማታውኑ አጥፉት።