ወደ ዘጌ አልሄድም ያልኩበት ምሽት

«እኔ ገዳም ለገዳም አልዞርም!» አልኳት። ባለቤቴ የሕፃኑን ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «እማማ ገንፎ ሲያበሉኝ ሃይማኖታቸውን ጠይቄያቸው ነበር እንዴ?» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ያን ሌሊት ጀርባ ለጀርባ ተኛን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ ተወልደን ያደግነው በወላይታ ነው፤ ጌታንም ያወቅነው በልጅነታችን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። የመምህርነት ሥራ ባህር ዳር ሲያመጣኝ ዘመድ አልነበረንም፤ የአገሩንም ወግ አናውቅም ነበር። የተከራየነው ቤት ባለቤት አንዲት አዛውንት ነበሩ፤ እማማ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ አማቴ ሩቅ ስለነበሩ ባለቤቴን ያረሷት እኚህ እናት ናቸው።

እማማ በዘጌ የመነኮሱ ታላቅ ወንድም ነበሯቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ታመዋልም የሚል ወሬ መጣ። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «ልጄ፣ እጄን ይዘህ አድርሰኝ» አሉኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ምእመናን ቢያዩኝ ምን ይላሉ? የዘጠኝ ዓመቷ ልጄስ ምን ትማራለች? እውነቱን ለመናገር ፍርሃቴን «ለእምነት መቆም» ብዬ ሰይሜው ነበር።

በማግስቱ ጉዳዩን ለአንድ የጉባኤያችን ሽማግሌ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እናቲቱ የጠየቁህ እንድትሰግድ ነው ወይስ እጃቸውን እንድትይዝ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በጀልባ ወደ ዘጌ

ቅዳሜ ማለዳ እማማ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እኔ በጀልባ ተሳፈርን። ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። በመንገዳችን ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አየን። አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ዘጌ ደረስን።

ዘጌ በቡና ጫካ የተሸፈነ ምድር ነው። በጥንቱ ሥርዓት መሠረት በዚያ በበሬ ማረስ አይፈቀድም፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህም ምክንያት ነው። እማማን በግራና በቀኝ ደግፈን፣ በየመንገዱ እያሳረፍን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን።

በጣና ካሉት ገዳማት ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሳሰሉት ሴት አያስገቡም፤ ኡራ ግን ያስገባል። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። እማማ ደጁን ተሳለሙ፤ እኛ በጸጥታ ቆምን። ማንም አልተቆጣንም።

ልጄ ከስቅለቱ ሥዕል ፊት ቆማ «አባዬ፣ ኢየሱስን ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። በቃሌ እንዲህ ብዬ አላስተማርኳትም፤ በአነጋገሬና በፊቴ ግን ኢየሱስ የእኛ ብቻ እንደሆነ አስተምሬያታለሁ። «ያውቁታል፤ ስለ እኛ መሰቀሉንም ያምናሉ» አልኳት። ትንሽ እልፍ ብሎ ደግሞ ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ በእመቤታችን አማላጅነት ዳነ የሚባለው የበላዔ ሰብእ ሥዕል አለ። እዚህ ላይ እንደምንለያይ አልደበቅኋትም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሳላፌዝ ነገርኳት።

አባ የጠየቁኝ መዝሙር

የእማማ ወንድም ከቅጥሩ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። እህታቸው እጃቸውን ስትይዛቸው አለቀሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የፕሮቴስታንት ልጅ ነህ አሉ፤ መጽሐፍ ይዘሃል?» አሉኝ። ይዤያለሁ አልኳቸው። «እንግዲያው ዓይኔ ደክሟል፤ 22ኛውን መዝሙር አንብብልኝ።»

ገልጬ ጀመርኩ። ፈገግ አሉና «እሱማ 21ኛው ነው» አሉኝ። ለካ በግእዙ ዳዊት አቆጣጠር የእኛ 23ኛ መዝሙር የእሳቸው 22ኛ ነው! እኔ የእረኛውን መዝሙር በአማርኛ ሳነብ እሳቸው በቃላቸው በግእዝ ተከተሉኝ። ቁጥራችን ተለያይቷል፤ መዝሙሩ ግን ያው ነው። ባለቤቴን ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

በኋላ አንድ ነገር አንብቤ ይበልጥ አፈርኩ። መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የተረጎሙት አቡ ሩሚ የተባሉ የዚሁ የጎጃም ሰው ናቸው። እኚህ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልጅ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጠው አሥር ዓመት ያህል ደከሙበት። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዝቶ ወንጌላቱን በ1824 እ.ኤ.አ.፣ ሙሉውን በ1840 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የወንጌል መልእክተኞች ወደ አገራችን ይዘውት የገቡት የአማርኛ መጽሐፍ ይህ ነበር። እኔ ደጁን ለመርገጥ የተጸየፍኩት ቤት ልጅ ናቸው ቃሉን በቋንቋዬ ያነበቡልኝ!

ወገኖቼ፣ ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ብዙዎቻችን «ጴንጤ» ተብለን ከቤተሰብና ከዕድር ተገልለናል፤ ያ ቁስል ቀላል አይደለም። ነገር ግን የተገፋ ሰው መግፋት የለበትም። ነቢዩ ኤልሳዕ ንዕማንን፣ ጌታው ተደግፎት ወደ ሬሞን ቤት ስለሚገባበት ጊዜ ሲጠይቀው፣ በሰላም አሰናበተው (2ኛ ነገሥት 5)። ጳውሎስም በአቴና መሠዊያዎቹን ተመልክቶ ካለፈ በኋላ ነው የተናገረው (ሐዋ. 17)። ዛሬ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ኮሪያና ጃፓን የሚሄዱ ልጆቻችን በተራራ ላይ ያለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ እንዲጎበኙ ይጋበዛሉ። እዚያ የክርስቶስ ስም አይጠራምና ጥንቃቄው የበለጠ ነው፤ ቢሆንም ሳይሰግዱ ማክበር፣ ሳይሰድቡ መለየት ይቻላል።

ለባልና ሚስት

እንዲህ ያለ ጥሪ ቤታችሁ ሲመጣ አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ተነጋገሩ። የተጠየቃችሁት አምልኮ ነው ወይስ ፍቅር? የምታደርጉትንና የማታደርጉትን ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ለልጆቻችሁም ልዩነቱን በግልጽ፣ ግን በየዋህነትና በአክብሮት ንገሯቸው (1ኛ ጴጥ. 3፥15)።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ጊዜ ወደ ዘጌ ተመልሼ ለአባ አነበብኩላቸው። በሦስተኛው ልሄድ ስል እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ያን ዕለት እጃቸውን ለመያዝ ማንም አልለመነኝም።