ድቡልቡል ቦምቦሊኖ

ድቡልቡል ቦምቦሊኖ ከስንዴ ዱቄት፣ ከእርሾና ከስኳር በተቦካ ሊጥ ተድቦልቡሎ በጋለ ዘይት የሚጠበስ፣ ከዚያም በስኳር ልባስ የሚሸፈን ትንሽ ጣፋጭ ምግብ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በየሻይ ቤቱና በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው ቦምቦሊኖ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ቀለበት ሲሆን፣ ድቡልቡሉ ያ ቀዳዳ ሲወጣ የሚቀረው ቁራጭ ወይም በዚያው መጠን ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም እንደ እንጅባራና ዳንግላ ባሉ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ደጋማ ከተሞች አንድ ችግር ያጋጥማል፦ በቆላና በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ከተወሰደ ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

ስምና ታሪክ

ቦምቦሊኖ የሚለው ስም የጣልያንኛ ሲሆን፣ በጣልያን አገር ቦምቦሎኔ ከሚባለው ጥብስ ጋር ይዛመዳል። የጣልያኑ ቦምቦሎኔ ግን ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ የለውም፤ ክብ ሆኖ ይጠበስና ስኳር ይነሰነስበታል፣ አንዳንዴም ውስጡ ክሬም ይሞላል። በኢትዮጵያ ስሙ ሲጸና ቅርጹ ቀለበት ሆኗል። ስለዚህ ድቡልቡሉ አዲስ ፈጠራ ቢመስልም ለስሙ ባለቤት ከቀለበቱ ይልቅ ይቀርባል።

ሊጥን አድቦልቡሎ ጠብሶ በጣፋጭ መንከር ከጣልያን በፊትም የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1226 ባግዳድ ውስጥ በአል-ባግዳዲ የተዘጋጀው የምግብ መጽሐፍ ይህን የመሰለ ጣፋጭ ይዟል። በዓረብኛ ሉቃይማት የሚባለው ምግብ ስሙ «ትንንሽ ጉርሻዎች» ማለት ነው፤ ቱርኮች ሎክማ፣ ግሪኮች ሉኩማዴስ ይሉታል። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ትልልቅ የዶናት ድርጅቶች ድቡልቡሉን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለብቻው ይሸጡት ጀመር፤ የካናዳው ቲም ሆርተንስ እ.ኤ.አ. በ1976 «ቲምቢት» ብሎ አውጥቶታል።

የከፍታ ጉዳይ

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ዳንግላ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላበት የሙቀት መጠን ይወርዳል፤ ልዩነቱ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በዚህ ስሌት በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በዳንግላ በ93፣ በእንጅባራ ከ91 እስከ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

ይህ ለጥብስ ምን ያደርጋል ቢባል፣ የሊጡ ውስጥ ውሃ እስካለበት ድረስ ውሃው ከሚፈላበት ሙቀት እምብዛም አያልፍም። ዘይቱ 190 ዲግሪ ቢሆንም የድቡልቡሉ መሐል ከ92 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፤ ቆዳው ግን ውሃው ስለተነነ የዘይቱን ሙቀት እየተከተለ ይጠቁራል። ስለዚህ በእንጅባራ ውስጡ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ውጪው ግን እንደማንኛውም አገር በፍጥነት ይቀላል። በብዙ የውጭ መጻሕፍት የተጠቀሰው «መሐሉ 95 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል» የሚለው ምልክትም እዚህ አይሠራም፤ 88 ወይም 90 ዲግሪ ከደረሰ በቂ ነው።

መፍትሔው የዘይቱን ሙቀት መቀነስና ጊዜውን ማስረዘም ነው። የተለመደው ማስተካከያ በየ300 ሜትሩ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ መቀነስ ነው። በመመሪያ ላይ 180 ዲግሪ የተባለው በዳንግላ 168፣ በእንጅባራ 165 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ በታች ግን መውረድ አያስፈልግም፤ ዘይቱ ከቀዘቀዘ ቆዳው ቶሎ ስለማይደርቅ ሊጡ ዘይት ይጠጣል።

ከፍታው እርሾንም ይነካል። ግፊቱ አነስተኛ በመሆኑ በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ይበልጥ ይሰፋል፣ ሊጡም ቶሎ ኩፍ ይላል። በሌላ በኩል የእንጅባራ ብርድ፣ በተለይ በክረምትና በጥቅምት ሌሊት፣ እርሾውን ያዘገየዋል። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጣሉ ሰዓት ቆጥሮ መወሰን አይቻልም፤ የሚታየው ሊጡ እጥፍ መሆኑ ብቻ ነው። ሊጡን ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ይረዳል፣ ነገር ግን ዕቃው በእጅ ሲነካ ከሞቀ ርቀቱ አንሷል።

ግብዓት

ለ40 ድቡልቡል ያህል የሚበቃው፦ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 60 ግራም ስኳር፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ (በዝቅተኛ ቦታ 7 ግራም የሚገባው)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 50 ግራም ዘይትና 270 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ነው። በፍስክ ቀን በዘይቱ ምትክ ቅቤ፣ በውሃው ምትክ ወተት ይገባል፤ እንቁላል የሚጨምሩም አሉ። ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የሚሠራው በጾም የሚበላ ሲሆን፣ ጣዕሙ ቢቀልም አነሳሱ አያንስም።

የአዊ ዞን ድንች በብዛት የሚመረትበት አካባቢ ነው፤ ድንች ደግሞ ለዚህ ሊጥ እጅግ ተስማሚ ነው። ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦና በወንፊት ታሽቶ የወጣ 200 ግራም ድንች ከዱቄቱ ጋር ሲቦካ ውሃው ወደ 180 ሚሊ ሊትር ይቀነሳል። የበሰለው የድንች ስታርች ውሃ አጥብቆ ስለሚይዝ ጥብሱ በማግስቱም አይደርቅም። በኔፕልስ ግራፌ የሚባለው ጥብስ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ድንቹ ትኩስ ሆኖ ከገባ ግን እርሾውን ይገድላል፤ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው።

ማቡካትና ማድቦልቦል

እርሾው ከጥቂት ስኳር ጋር በለብታ ውሃ ተበጥብጦ አረፋ እስኪያወጣ ለ10 ደቂቃ ይቀመጣል። አረፋ ካላወጣ እርሾው ሞቷል፣ ዱቄት ማባከን አያስፈልግም። ከዚያ ሁሉም ተቀላቅሎ ሊጡ ለስልሶ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይታሻል። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ትንሽ ለስለስ ማለት አለበት፤ እጅ ላይ ያዝ አደረገ ተብሎ ዱቄት በላዩ መደራረብ ጥብሱን ያደነድነዋል።

ኩፍ ካለ በኋላ ሊጡ አየሩ ወጥቶ በ20 ግራም በ20 ግራም ይቆረሳል። ሚዛን ከሌለ የዋልነት ፍሬ የሚያህል ቁራጭ ይበቃል። በመዳፍ መሐል ሲዞር ስንጥቁ በሙሉ መጥፋት አለበት፤ ስንጥቅ ያለው በዘይት ውስጥ ይፈነዳል። የተድቦለቦለው ዱቄት በተነሰነሰበት ሰፌድ ወይም ትሪ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ እንደገና ያርፋል።

መጠኑን ማሳነስ ውበት ብቻ አይደለም። ሙቀት ወደ መሐል የሚደርስበት ጊዜ በግምት ከውፍረቱ እጥፍ ጋር በአራት እጥፍ ያድጋል፤ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነው በ3 ደቂቃ ቢበስል 6 ሴንቲ ሜትር የሆነው 12 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ለደጋ ሰው ትንሹ ድቡልቡል ከትልቁ ይልቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ቀለበቱ ቦምቦሊኖም መሐሉ የተቀደደው በዚሁ ምክንያት ነው፦ የማይበስለው ክፍል ቀድሞ ይወጣል።

ዘይትና መጥበስ

ድስቱ ጥልቅና ከባድ ይሁን፤ ዘይቱም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። ቴርሞሜትር ከሌለ ትንሽ የሊጥ ቁራጭ ይጣላል፦ ታች ደርሶ ወዲያው በአረፋ ተከቦ ከተነሳ ደርሷል፤ ታች ከቆየ አልጋለም፤ ሳይሰምጥ ወዲያው ከቀላ በጣም ግሏል። ዘይቱ ከጨሰ ከእሳት ላይ መውረድ አለበት።

በአንድ ጊዜ ብዙ ከተጨመረ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ እንደ ድስቱ ስፋት ከ6 እስከ 8 ይበቃል። ድቡልቡሉ አንድ ወገኑ ሲበስል ስለሚቀል በራሱ ይገለበጥና የቀላው ጎን ወደ ላይ ይሆናል፤ በጭልፋ ያለማቋረጥ ካልተንቀሳቀሰ አንድ ጎኑ ነጭ ይቀራል። በእንጅባራ ከፍታ 3 ወይም 4 ደቂቃ ይወስዳል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ተቆርሶ መታየት አለበት፤ መሐሉ የሚያብለጨልጭ እርጥበት ካለው እሳቱ ይቀነሳል እንጂ ጊዜው ብቻ አይጨመርም።

እሳትን መቀነስ ግን በከሰል ቀላል አይደለም። በአዊ ዞን በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዝርያ ከሰል በብዛት ይመረታል፤ በብዙ ቤትም የሚጠበሰው በከሰል ምድጃ ነው። ከሰል ቁልፍ ስለሌለው ሙቀቱ የሚስተካከለው የምድጃውን የአየር ቀዳዳ በመዝጋት፣ ፍሙን ወደ ጎን በመግፋት ወይም ድስቱን ለጥቂት ጊዜ በማውረድ ነው። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቆ መጀመር ይሻላል።

የዘይቱ ዓይነት በደጋ ልዩ ትርጉም አለው። በሰፊው የሚሸጠው የሚረጋ የፓልም ዘይት ለመጥበስ ጠንካራ ነው፣ ሙቀትም ይችላል፤ ነገር ግን በእንጅባራ ብርድ ጥብሱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ላዩ ላይ ይረጋና አፍ ውስጥ እንደ ሰም ይሆናል። በትኩሱ ለሚበላ ችግር የለውም። የጎጃም የቆየ ዘይት የሆነው የኑግ ዘይት በብርድ አይረጋም፣ መዓዛውም ጥሩ ነው፤ ሳይጣራ የተጨመቀው ግን ቶሎ ይጨሳል፣ ደጋግሞ ሲጠበስበትም ቶሎ ይበላሻል። የተጣራ የሱፍ ዘይት በሁለቱ መሐል ነው። የቀረው ዘይት ሲበርድ በጨርቅ ተጠሎ ለጥቂት ጊዜ ሊደገም ይችላል፤ ከጠቆረ፣ ካረፋ ወይም ሽታው ከተለወጠ ዋጋው ቢቆጭም መጣል አለበት።

የስኳር ልባስ

ቀላሉ ልባስ እሳት አይፈልግም፦ 200 ግራም ዱቄት ስኳር ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ወይም ወተት ጋር ይበጠበጣል። ዱቄት ስኳር ከሌለ ተራው ስኳር በሙቀጫ ወይም በመፍጫ ደቅቆ በወንፊት ይነፋል፤ በደንብ ካልደቀቀ ልባሱ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ እንደ ክር የሚወርድ ሲሆን መጠኑ ትክክል ነው።

ድቡልቡሉ የሚነከርበት ጊዜ ወሳኝ ነው። ከዘይት እንደወጣ ከተነከረ ስኳሩ ቀልጦ ይወርዳል፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ደግሞ ልባሱ ወፍሮ ይቆለላል። ከ2 ደቂቃ በኋላ፣ በጣት ለመያዝ ሲቻል፣ ተነክሮ ከስሩ አየር በሚያገኝ ወንፊት ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ልባስ የሉቃይማት ዓይነት ሽሮፕ ነው። ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ ይፈላል፣ እንዳይረጋም ጥቂት የሎሚ ጠብታ ይገባበታል። በሁለት ጣት መሐል ሲሳብ ክር ከሠራ ደርሷል። መጻሕፍት ለዚህ ደረጃ ከ106 እስከ 112 ዲግሪ ይላሉ፤ በእንጅባራ ይህ ከ98 እስከ 104 ይሆናል። ቴርሞሜትሩን እንጂ ከፍታውን ያላየ ሰው ሽሮፑን ከረሜላ ያደርገዋል።

ጥንቃቄ

እንጅባራ ብርዳም በመሆኗ ምድጃን ወደ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ቤት ይገድላል። በርና መስኮት ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ መጥበስ ያስፈልጋል። ዘይት በእሳት ከተያያዘ ውሃ ፈጽሞ አይደፋበትም፤ ክዳን ተደፍቶበት እሳቱ ይጠፋል። ድስቱም እየነደደ አይነሳም።

ዘይት ወይም ሽሮፕ ያቃጠለው ሰውነት በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይያዛል። ሊጥ፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ያባብሳል። ሽሮፕ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከዘይትም የባሰ ያቃጥላል፤ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ቤት የመጀመሪያውን ልባስ መምረጥ ይሻላል።

አቀማመጥ

ልባስ ያለው ድቡልቡል በተሠራበት ቀን ቢበላ ይመረጣል። በክረምት የአዊ አየር እርጥበት ስለሚበዛበት ስኳሩ ውሃ ስቦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጣበቃል፤ በበጋ ግን ልባሱ ደርቆ እስከ ማታ ይቆያል። ለማግስቱ የሚቀመጠው ሳይለበጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥና ጠዋት በደረቅ መጥበሻ ሞቅ ተደርጎ ያን ጊዜ ይነከራል። ድንች የገባበት ለሁለተኛ ቀን ለስላሳ ሆኖ ይደርሳል።