የ99 ዶላሩ ፈተናና የሺዎቹ ዶላር ክሬዲት
በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው የዩኒቨርስቲ ክሬዲት መቼ ያተርፋል? መቼስ ወረቀት ሆኖ ይቀራል?

ልጅን አሜሪካ ዩኒቨርስቲ ልኮ ማስተማር ከአንድ መካከለኛ የንግድ ሥራ መነሻ ካፒታል የማይተናነስ ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ከሆነ ሰንብቷል። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያወጣው አሐዝ እንደሚያመለክተው፣ በ2024/25 የትምህርት ዘመን በመንግሥት የአራት ዓመት ዩኒቨርስቲዎች አማካዩ ዓመታዊ የትምህርት ክፍያ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ 11,610 ዶላር፣ ከክፍለ ግዛቱ ውጪ ለሚመጣ ተማሪ 30,780 ዶላር ነበር። ለትርፍ ባልተቋቋሙ የግል ዩኒቨርስቲዎች ደግሞ 43,350 ዶላር ደርሷል። ምግብና መኝታ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የሉም። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ተማሪ በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ዋጋ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ወጪ ላይ ጥቂቱን አስቀድሞ ለመቀነስ የሚያስችል አንድ መንገድ አለ። ተማሪው ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ የዩኒቨርስቲ ደረጃ ያለው ትምህርት ተምሮ ይፈተናል፤ ጥሩ ውጤት ካመጣ የሚገባበት ዩኒቨርስቲ ያንን ኮርስ እንደወሰደ ቆጥሮ ክሬዲት ይሰጠዋል። ከሁሉም በስፋት የሚታወቀው "አድቫንስድ ፕሌስመንት"፣ በአጭሩ "ኤ.ፒ." የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይሁንና ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ገንዘቡን አተረፈ ማለት አይደለም። ሂሳቡን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የአንድ ክሬዲት ዋጋ

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት፣ ማለትም በዓመት 30 ክሬዲት ይጠየቃል። ከላይ የተጠቀሰው ዓመታዊ ክፍያ ለ30 ሲካፈል አንድ ክሬዲት ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ 387 ዶላር፣ ለውጭው ተማሪ 1,026 ዶላር፣ በግል ዩኒቨርስቲ 1,445 ዶላር ይወጣዋል። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ እንደየቅደም ተከተሉ 1,161፣ 3,078 እና 4,335 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

በአንጻሩ የአንድ የኤ.ፒ. ፈተና ክፍያ በግንቦት 2025 አሜሪካ ውስጥ 99 ዶላር፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጪ 129 ዶላር ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የአሜሪካ ቤተሰቦች ቅናሽ አለ፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችም ቀሪውን ይሸፍናሉ። 99 ዶላር ከፍሎ የ3,078 ዶላር ኮርስ ማስቀረት በየትኛውም ገበያ የሚናቅ ትርፍ አይደለም።

ከአገር ቤት ለሚከፍል ወላጅ ደግሞ የምንዛሪው ጉዳይ ይጨመርበታል። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ120 ብር አልፏል። ዶላሩ በ57 ብር ሲሰላ ከ175 ሺህ ብር እምብዛም ያልራቀው የ3,078 ዶላር ኮርስ፣ በ125 ብር ሲሰላ 384,750 ብር ይሆናል። የክሬዲቱ ዋጋ በዶላር ባይንቀሳቀስም በብር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል።

አመጣጡ

ፕሮግራሙ የተወለደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የተደገፈ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በጥናቱ የተሳተፉት አንዶቨር፣ ኤክሰተርና ሎረንስቪል የተባሉ ሦስት የግል ትምህርት ቤቶችና ሃርቫርድ፣ ፕሪንስተንና ዬል ዩኒቨርስቲዎች ነበሩ። ጎበዝ ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ የተማሩትን በዩኒቨርስቲ አንደኛ ዓመት እየደገሙ ጊዜ እንደሚያባክኑ ጥናቱ ጠቆመ። ኮሌጅ ቦርድ ሥራውን ተረክቦ በ1956 ፈተናውን ሲሰጥ የተቀመጡት ተማሪዎች ከ1,200 ብዙም አይበልጡም ነበር። ዛሬ ፈተናው 40 በሚያህሉ የትምህርት ዓይነቶች ይሰጣል፤ በየዓመቱም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ይቀመጡበታል። ድርጅቱ ለትርፍ ያልቆመ ይባል እንጂ ዓመታዊ ገቢው አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለጥቂት ምርጥ ትምህርት ቤቶች የታሰበው ነገር ትልቅ ገበያ ሆኗል።

ፈተናው የሚሰጠው በግንቦት ወር ሲሆን ውጤቱ በሐምሌ ይወጣል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 3 እንደ ማለፊያ ይቆጠራል። ዝቅተኛ ውጤት ያገኘ ተማሪ ለዩኒቨርስቲው ያለመላክ መብት አለው።

ዋጋ ተማኙ ማን ነው?

ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፈተናውን የሚሸጠው ኮሌጅ ቦርድ ነው፤ ክሬዲቱን የሚሰጠው ግን ዩኒቨርስቲው ነው። ሻጩና ዋጋ ተማኙ የተለያዩ ስለሆኑ አንድ ዓይነት ውጤት በአንዱ ዘንድ ስምንት ክሬዲት ሲያወጣ በሌላው ዘንድ ምንም ላያወጣ ይችላል።

አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ጉዳዩን በሕግ ወስነዋል። ኢሊኖይ በ2015 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች 3 እና ከዚያ በላይ ላገኘ ተማሪ ክሬዲት እንዲሰጡ ግዴታ ጥሏል። ቴክሳስም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጣም፣ ዩኒቨርስቲው በማስረጃ ካስደገፈ ከ3 የበለጠ ውጤት መጠየቅ እንዲችል ፈቅዷል። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ2017 ተከተለ። ዳላስና ሲያትል በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች በመሆናቸው፣ እነዚህ ሕጎች ለዚያ አካባቢ ቤተሰቦች በቀጥታ የኪስ ጉዳይ ናቸው።

ስመ ጥር የሆኑት የግል ዩኒቨርስቲዎች ግን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄደዋል። ዳርትመዝ ኮሌጅ ከ2014 ገቢዎች ጀምሮ በኤ.ፒ. ውጤት ለዲግሪ የሚታሰብ ክሬዲት መስጠት አቁሟል። ሃርቫርድም ከ2020 ገቢዎች ጀምሮ በፈተናው አማካይነት የትምህርት ጊዜን ማሳጠር አስቀርቷል፤ በእነዚህ ቦታዎች ውጤቱ የሚጠቅመው በአብዛኛው ተማሪው ከየትኛው የኮርስ ደረጃ እንደሚጀምር ለመወሰን ነው። ስለዚህ ክፍያው እጅግ ውድ በሆነበትና ክሬዲቱ ይበልጥ በሚፈለግበት ቦታ ክሬዲቱ አይገኝም።

የውጤቱም ክብደት ቢሆን ባለበት አይቆምም። በአሜሪካ ታሪክ ፈተና 3 እና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2023 ከመቶ 48 ያህል ነበሩ፤ የውጤት አሰጣጡ ሲከለስ በ2024 ወደ 72 ከመቶ ዘለሉ። ኮሌጅ ቦርድ የቀድሞው መለኪያ ከዩኒቨርስቲዎቹ ግሬድ ጋር ሲነጻጸር ጥብቅ ስለነበር አስተካከልኩት ይላል። ተቺዎች በበኩላቸው ነገሩን የግሬድ ግሽበት ይሉታል። ሸቀጥ ሲበዛ ዋጋው እንደሚወርድ የሚያውቅ ነጋዴ፣ ነገ ዩኒቨርስቲዎቹ 3 የነበረውን መነሻ ወደ 4 ወይም 5 ቢያሳድጉ ሊደነቅ አይገባውም።

የወረቀት ትርፍ

ከላይ የተሰላው የክሬዲት ዋጋ ትክክል የሚሆነው ዩኒቨርስቲው በክሬዲት የሚያስከፍል ከሆነ ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርስቲዎች ግን የሙሉ ጊዜ ተማሪን የሚያስከፍሉት በሴሚስተር ቁርጥ ዋጋ ነው። ተማሪው 12 ክሬዲት ወሰደ 16 ክፍያው አይለወጥም። ሁለት ኮርስ አስቀድሞ አሟልቶ የገባ ተማሪ አራቱንም ዓመት ከተቀመጠ ቤተሰቡ አንድ ሳንቲም አላዳነም።

እውነተኛው ትርፍ የሚገኘው አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሲቀር ነው። ለዚህም 15 ክሬዲት፣ ማለትም አምስት ኮርስ ያህል ያስፈልጋል። አምስቱ ፈተናዎች አሜሪካ ውስጥ 495 ዶላር ያስወጣሉ። የሚቀረው የሴሚስተር ክፍያ ደግሞ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ 5,805፣ ለውጭው ተማሪ 15,390፣ በግል ዩኒቨርስቲ 21,675 ዶላር ነው። የውጭው ተማሪ ክፍያ በ125 ብር ሲመነዘር ከ1.9 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። የስድስት ወር ምግብና መኝታ ሲጨመርበት፣ ተማሪው ቀድሞ ሥራ መያዙም ሲታሰብ ሂሳቡ ከዚያም ያድጋል።

ክሬዲቱ መሰጠቱ ብቻም አይበቃም፤ ከተማሪው የትምህርት መስክ ጋር መግጠም አለበት። ስምንት ፈተና አልፎ 24 ክሬዲት የተቆጠረለት የምህንድስና ተማሪ፣ ለዲግሪው የሚፈለጉት ካልኩለስና ፊዚክስ ብቻ ከሆኑ የቀረው በምርጫ ኮርስነት ተመዝግቦ ይቀመጣል እንጂ ምረቃውን አያፋጥንም። ሕክምና ለማጥናት የሚያስብ ተማሪም መጠንቀቅ አለበት። በርካታ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂና ኬሚስትሪን በዩኒቨርስቲ ክፍል ውስጥ የተማረ አመልካች ይፈልጋሉ፤ በፈተና የተገኘውን ክሬዲት ብቻውን የማይቀበሉ አሉ።

በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ልጅ ደግሞ ሌላ ገደብ አለ። ቪዛው የሙሉ ጊዜ ተማሪነትን ስለሚጠይቅ በመደበኛው ሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መውሰድ ይኖርበታል። ክሬዲት አለኝ ብሎ ኮርስ ቀንሶ ክፍያ መቀነስ አይችልም፤ የሚጠቅመው ቶሎ መመረቅ ብቻ ነው። ክፍያውን በሙሉ ወይም በአብዛኛው በነፃ ትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ ቢሆን ደግሞ ሴሚስተር ሲቀር ገንዘቡ የሚተርፈው ለሰጪው እንጂ ለቤተሰቡ አይደለም።

አማራጭ ገበያዎች

ኤ.ፒ. ብቸኛው መንገድ አይደለም። ሚኒሶታ ከ1985 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮሌጅ ተመዝግበው እንዲማሩና የትምህርት ክፍያውንና መጻሕፍቱን ክፍለ ግዛቱ እንዲሸፍን አድርጓል። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ1990 ባወጣው "ራኒንግ ስታርት" የተባለ ፕሮግራም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በማኅበረሰብ ኮሌጆች ያለ ትምህርት ክፍያ ይማራሉ፤ መጽሐፍና ልዩ ልዩ ወጪዎች ግን የቤተሰቡ ናቸው። በሚኒያፖሊስም ሆነ በሲያትል ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህ ከፈተናው የረከሰ አማራጭ ሊሆን ይችላል። አደጋው ግን ግሬዱ ላይ ነው። የኤ.ፒ. ዝቅተኛ ውጤት ሳይላክ ሊቀር ይችላል፤ በኮሌጅ የተሰጠ መጥፎ ግሬድ ግን በትራንስክሪፕት ላይ ለዘለቄታው ይኖራል።

"ክሌፕ" የተባለው ሌላው የኮሌጅ ቦርድ ፈተና በማንኛውም ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን ክፍያው በ2024/25 95 ዶላር ነበር። የግል ንባብ ላለው ተማሪ ይመቻል፤ ስመ ጥር ዩኒቨርስቲዎች ግን እምብዛም አይቀበሉትም።

አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ ቅርብ የሆኑት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ኢንተርናሽናል ኮሚኒቲ ስኩል ኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ በአጭሩ "አይ.ቢ."፣ ያስተምራል። ሊሴ ገብረ ማርያም ደግሞ ተማሪዎቹን ለፈረንሳዩ ባካሎሬያ ያዘጋጃል። የእንግሊዙ "ኤ ሌቭል" ፈተናም አለ። በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ለእነዚህ ሁሉ ክሬዲት ይሰጣሉ። በአይ.ቢ. ግን ክሬዲት የሚያስገኙት በአብዛኛው በከፍተኛ ደረጃ የተወሰዱት ትምህርቶች ሲሆኑ፣ ከ7 ቢያንስ 5 ወይም 6 ማምጣትን ይጠይቃሉ። በዝቅተኛው ደረጃ የተወሰደው ብዙ ጊዜ አይቆጠርም።

የአገር ቤቱ ተሞክሮ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲዎች እንዲህ ዓይነት የግል ክሬዲት አልተለመደም። ሆኖም የዩኒቨርስቲን አንደኛ ዓመት ወደ ታች የማውረድ ሐሳብ ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን መሰናዶ ካደረገ በኋላ የፍሬሽማን ትምህርት ወደዚያ ወርዶ ነበር፤ ብዙዎቹ የዲግሪ ፕሮግራሞችም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠሩ። ከዓመታት በኋላ ተማሪው በቂ ዝግጅት ሳይኖረው ይገባል የሚለው ቅሬታ በመበርታቱ በ2019/20 የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ። የዳርትመዝና የሃርቫርድ ጥያቄም ከዚህ አይርቅም፦ በትምህርት ቤት የተማሩት በእርግጥ የዩኒቨርስቲውን ያህል ነው ወይ?

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

ውጤቱ ከወጣ በኋላ "ዩኒቨርስቲው ይቀበላል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጥያቄው መቅደም ያለበት ፈተናው ከመመረጡ በፊት ነው። ዩኒቨርስቲዎች ለየትኛው ፈተና፣ በስንት ውጤት፣ ስንት ክሬዲት እንደሚሰጡ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ስላላቸው ተማሪው ሊያመለክትባቸው ያሰባቸውን አምስት ስድስት ዩኒቨርስቲዎች ሰንጠረዥ ማነጻጸር ይችላል። በሰንጠረዡ ላይ መታየት ያለባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ክሬዲቱ ለተማሪው የትምህርት መስክ ይቆጠራል ወይስ በምርጫ ኮርስነት ብቻ? በአጠቃላይ ሊቆጠር የሚችለው ክሬዲት ጣሪያ ስንት ነው? ክፍያው በክሬዲት ነው ወይስ በሴሚስተር ቁርጥ?

ካልኩለስ በአብዛኞቹ የሳይንስና የቢዝነስ መስኮች ስለሚፈለግ ዘንድ ከሁሉም ይልቅ ገበያ ያለው ፈተና ነው፤ የእንግሊዝኛ ጽሕፈትና የኢኮኖሚክስ ፈተናዎችም ብዙ ቦታ ይቆጠራሉ። አምስት የሚቆጠሩ ፈተናዎች ያለፈ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ያስቀራል። አሥር የማይቆጠሩ ያለፈ ግን ወደ አንድ ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጥቶ፣ እንደማንኛውም ተማሪ በአራት ዓመቱ ይመረቃል።