የመድን ወኪልና የጉዳት ገማች ፈቃድ፤ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ

ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊና በሚሌ አልፎ፣ የባቲን መንገድ ይዞ ኮምቦልቻ የሚደርስ ዕቃ፣ ከዚያም በዶሮ መዝለያ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የሚወጣ ዕቃ፣ ብዙ አደጋ የሚጠብቀው የነጋዴ ገንዘብ ነው። ይህንኑ የሚያውቅ አስመጪም ሆነ ባለ ሱቅ የመድን ውል ይገባል። ይሁን እንጂ ውሉን ያዋዋለው ሰው ለማን እንደሚሠራ፣ ጉዳት በደረሰም ጊዜ መጥቶ የሚገምተው ሰው ሥልጣኑን ከወዴት እንዳገኘ የሚጠይቅ ነጋዴ ብዙ አይደለም። አረቦኑን የሚቀበለው ሰው ጎረቤት ወይም የወዳጅ ልጅ ሲሆን ደግሞ መጠየቁ ራሱ እንደ ነውር ይቈጠራል። መተዋወቅ ግን ፈቃድ አይሆንም።

በአገራችን የመድን ሥራ የተጀመረው በውክልና ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመው የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1960 የኩባንያዎቹ ቍጥር 33 ደርሶ ነበር፤ አብዛኞቹም የውጭ ኩባንያዎች ቅርንጫፍ ወይም ወኪል ነበሩ። ሥራውን በፈቃድ የሚያስተዳድረው አዋጅ ቍጥር 281 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ በዚሁ አዋጅ መሠረት በመጀመሪያ ፈቃድ ያገኙት 15 ኩባንያዎች፣ 36 ወኪሎች፣ 7 ደላሎች፣ 3 የአክቹዋሪ ባለሙያዎችና 11 ጉዳት ገማቾች ነበሩ። ለመላው አገር 11 ገማች! በዚያን ጊዜ በወሎ መንገድ ላይ አንድ መኪና ቢገለበጥ ገማቹን ለማግኘት ምን ያህል መጠበቅ ያስፈልግ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ይገምተው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኩባንያዎቹ ተወርሰው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 86 የግል ኩባንያዎች እንደ ገና ተፈቀዱ። ይህንንም አዋጅ ቍጥር 746/2004 ተክቶታል። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ በወኪልነት፣ በደላላነትም ሆነ በጉዳት ገማችነት መሥራት አይቻልም።

እነዚህን ሦስት ሥራዎች ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። ወኪል የመድን ሰጪው ሰው ነው። በተሰጠው ውክልና ወሰን ውስጥ የሠራው ሁሉ ኩባንያው ራሱ እንደ ሠራው ይቈጠራል፤ ከወሰኑ አልፎ የሰጠው ተስፋ ግን በመሠረቱ ኩባንያውን አያስገድድም። ደላላ፣ በተለምዶ ብሮከር የሚባለው፣ የመድን ገቢው ሰው ነው፤ ገበያውን ዞሮ የሚሻለውን ውል ያቀርብለታል። ነገር ግን እርሱም ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከአረቦኑ ላይ መሆኑን ማስታወስ ይበጃል። ገማቹ ደግሞ ውል አይሸጥም፤ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ምክንያቱንና መጠኑን መርምሮ በጽሑፍ ያቀርባል።

ወኪል ለመሆን የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚወክለው ኩባንያ ማግኘት አለበት፤ ወካይ የሌለው ወኪል የለምና። በደሴ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም የግል ኩባንያዎችም ቅርንጫፍ ስላላቸው ጠያቂው አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄድ ንግግሩን መጀመር ይችላል። ሥልጠናውንና የውክልና ደብዳቤውን ካገኘ በኋላ ማመልከቻው ለብሔራዊ ባንክ ይቀርባል። የትምህርት ደረጃው፣ ክፍያውና የሚቀርበው ማስረጃ በየጊዜው በሚወጣ መመሪያ የሚወሰን ስለሆነ፣ ከዓመታት በፊት ፈቃድ ያወጣ ሰው በነገረው ዝርዝር መመራት ያሳስታል። ደላላና ገማች ለመሆን ግን የኩባንያ ውክልና ብቻ አይበቃም፤ የሙያው ዕውቀትና ልምድ ያስፈልጋል። በተለይም ደላላ በሥራው ስሕተት ለሚያደርሰው ጉዳት የሙያ ኃላፊነት መድን እንዲገባ ይጠየቃል።

የገማቹ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ መጋዘን ያለው ነጋዴ 2,000,000 ብር የሚያወጣ ጨርቅ አለው እንበል። አረቦን ለመቈጠብ ሲል በ1,000,000 ብር ብቻ መድን ገባ። እሳት ተነሥቶ የ400,000 ብር ጨርቅ ቢቃጠል፣ ነጋዴው «ከአንድ ሚሊዮኑ በታች ነውና ሙሉውን ይከፍሉኛል» ይላል። ገማቹ ግን በመጀመሪያ የሚጠይቀው በቃጠሎው ቀን መጋዘኑ ውስጥ በጠቅላላው ምን ያህል ዕቃ እንደ ነበረ ነው። ዕቃው መድን የተገባለት በግማሽ ዋጋው ስለሆነ፣ ለቀረው ግማሽ ነጋዴው ለራሱ መድን እንደ ሰጠ ይቈጠራል፤ የሚከፈለውም 200,000 ብር ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ወኪል ውሉ ሲፈረም ይናገራል፤ የማያውቅ ወይም ኮሚሽኑን ብቻ የሚያይ ሰው ዝም ይላል። ፈቃድና ሥልጠና የሚጠየቀውም በከፊል ስለዚህ ነው።

በመኪና አደጋ ጊዜ ደግሞ ገማቹ ሳያየው ዕቃውን ከቦታው ማንሣት ወይም መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ማስፈታት ክርክር ያመጣል። ሕይወት ለማዳን፣ መንገድ ለመክፈት ወይም ዕቃውን ከዝናብና ከሌባ ለመጠበቅ ሲባል ማንሣት ግድ ከሆነ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ይዞ፣ ቅሪቱንም ሳይጥሉ መጠበቅ ነው። ቅሪቱ ዋጋ ስላለው ሒሳቡ ውስጥ ይገባል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ሱቆችና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። መደበኛ የእሳትና የስርቆት ውል አብዛኛውን ጊዜ በጦርነት የሚደርስ ጉዳትን ከኃላፊነት ውጭ ያደርጋል። ይህን መሰል አደጋ ለመሸፈን የተለየ ውል፣ ከተቻለም ተጨማሪ አረቦን ያስፈልጋል። ስለዚህ ወኪሉን «ምን ይሸፍናል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ምን አይሸፍንም?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በውሉ ላይ በጣቱ እንዲያመለክት ማድረግ ይሻላል።

አረቦን ከመክፈሉ በፊት ነጋዴው የወኪሉን ፈቃድ ይመልከት፤ ዘመኑ አለማለፉንና የየትኛው ኩባንያ ወኪል እንደ ሆነ ያረጋግጥ፤ ቢጠራጠር ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ይደውል። ደረሰኙ በወኪሉ ስም ሳይሆን በኩባንያው ስም የተቈረጠ ይሁን። ጉዳት ደርሶ ገማች ሲላክም ፈቃዱንና የላከውን ድርጅት ደብዳቤ ጠይቆ፣ የዕቃውን ዝርዝር፣ የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ሰነድ ቅጂውን እንጂ ዋናውን ባያስረክብ መልካም ነው።