ያልተመለሱት ርግቦች፦ ስለ እሽቅድምድም ርግብ እርባታና ስለ አንድ አንጋፋ አርቢ አስተያየቶች

(በፋኩልቲው ወርኃዊ የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ከመደበኛው ትምህርታችን ጥቂት ራቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። የምናገረው ስለ ርግብ ነው፤ ይኸውም በቤልጂየም ለእሽቅድምድም ስለሚረባው ርግብ። ነገር ግን በርግቡ በኩል ልደርስበት የምፈልገው ጥያቄ የሁላችንም ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሥራ ሲሠራ የኖረ ሰው የሚነግረንን አስተያየት እኛ ምሁራን እንዴት ልንቀበለው ይገባል? የቱን እንመን? የቱንስ እንመርምር?

የዶክትሬት ትምህርቴን ቤልጂየም ውስጥ በምከታተልበት ጊዜ የተከራየኋት ክፍል መስኮት በአንድ ጡረተኛ ጓሮ ላይ ይከፈት ነበር። ሽማግሌው ከሃምሳ ዓመት በላይ ርግብ ያረቡ ሰው ነበሩ። በፍላንደርስ እንደ እርሳቸው ያለውን ሰው «ዶይቨንሜልከር» ይሉታል፤ ቃሉ በቁሙ ሲተረጎም «ርግብ አላቢ» ማለት ነው። ስሙ ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም ርግቦች፣ ሴቷም ወንዱም፣ በአንገታቸው ሥር ካለው የምግብ ከረጢት ወተት መሰል ምግብ እያመነጩ ጫጩቶቻቸውን ይመግባሉ። በእሽቅድምድም ቀን ሽማግሌው ሬዲዮ ከፍተው ርግቦቹ በየትኛው ከተማ በስንት ሰዓት እንደ ተለቀቁ ያዳምጣሉ፤ ከዚያም ወንበር አውጥተው ወደ ደቡብ ሰማይ እያዩ ይቀመጣሉ። ዛሬ የማነሣቸውን አስተያየቶች የሰማሁት በዚያ ወንበር አጠገብ ነው።

በመጀመሪያ ውድድሩ እንዴት እንደሚካሄድ ባጭሩ ላስረዳ። ዘመናዊው የርግብ እሽቅድምድም የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን በቤልጂየም ነው። በዚያ ዘመን ርግብ የቁም ነገር መልእክተኛም ነበር፤ በ1850 ፖል ጁሊየስ ሮይተር በአኽንና በብራስልስ መካከል የቴሌግራፍ መስመር ባልተገናኘበት ክፍተት የገበያ ዜና ያስተላለፈው በርግብ ነበር። ጫጩቷ በተወለደች በሳምንት ገደማ መጋጠሚያ የሌለው ቀለበት በእግሯ ይገባል፤ እግሯ ሲወፍር ቀለበቱ ስለማይወጣ ዕድሜ ልኳን መታወቂያዋ ይሆናል። ለውድድር የተመረጡት ርግቦች በቅርጫት ሆነው በከባድ መኪና ወደ ፈረንሳይ፣ ለምሳሌ ወደ ኗዮን፣ ወደ ኦርሌያን ወይም ወደ ቡርዥ ይወሰዳሉ፤ የረጅሙን ርቀት ውድድር የሚሹ ደግሞ እስከ ባርሴሎና ይልካሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ።

የርግቦቹ መነሻ አንድ ሲሆን መድረሻቸው ግን እንደ አርቢዎቹ ቤት ብዛት የተለያየ ነው። ስለዚህ አሸናፊው ቀድሞ የደረሰው ሳይሆን በደቂቃ ብዙ ሜትር የበረረው ነው። አንዱ ርግብ 300 ኪሎ ሜትር በ240 ደቂቃ ቢበር ፍጥነቱ በደቂቃ 1250 ሜትር ይሆናል። ቤቱ 306 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ሌላው ርግብ በ243 ደቂቃ ቢገባ ፍጥነቱ 1259 ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ዘግይቶም ያሸንፋል። መግቢያ ሰዓቱን ቀድሞ በልዩ ሰዓት፣ ኋላም ከእግር ቀለበት ጋር በተያያዘ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘግቡታል።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው አስተያየቶች ልግባ። አንደኛው፣ «ርግብ ለማሸነፍ አይበርም፤ ወደ ቤቱ ለመግባት ነው የሚበረው» የሚል ነው። የሥልጠናቸው መሠረት ይኸው ነበር። ወንዱን ከሴቷ ለይተው ሳምንቱን ሙሉ ያቆዩታል፤ ወደ ቅርጫት ከመግባቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ያሳዩታል፤ ሲመለስም እርሷን ቤቱ ውስጥ ያገኛታል። ይህ «የመበለትነት ዘዴ» የሚባለው በቤልጂየም አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ስለ መኖ ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ እንደ ገብስ ያለ ቀላል እህል ይሰጣሉ፤ ውድድሩ ሲቃረብ በቆሎውንና ቅባት ያለውን ያበዛሉ። የሥነ ሕይወት ሳይንስ በዚህ ይስማማል፤ ርግብ ለረጅም ሰዓት ሲበር ዋነኛው ነዳጁ ስብ ነውና። ሽማግሌው ግን ስለ ስብ አቃጠሎ አንድም ገጽ አላነበቡም፤ ያነበቡት በመመለሻ ሰዓት የርግቦቻቸውን ገላ ነው።

ሦስተኛው አስተያየታቸው የኔን ድፍረት ያጋለጠ ነበር። «ርግቦቼ አውራ ጎዳናውን ተከትለው ነው የሚመጡት» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። በዚያን ጊዜ ስለ ርግብ አቅጣጫ አመራር ያነበብሁት ሁሉ ረቂቅ ነበርና። ጉስታቭ ክራመር ርግብ መንገዱን ለማግኘት ሁለት ነገር፣ ማለትም ያለበትን ቦታ የሚያሳውቅ «ካርታ» እና አቅጣጫ የሚሰጥ «ኮምፓስ» እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ አስተምሯል። ኮምፓሱ ፀሐይ መሆኗ በሙከራ ተረጋግጧል፤ የርግቡን የሰውነት ሰዓት በሰው ሠራሽ ብርሃን በስድስት ሰዓት ብታዛቡት፣ ሲለቀቅ ከትክክለኛው አቅጣጫ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ስቶ ይበራል። ዊልያም ኪተን በ1971 ባሳተመው ጥናት ማግኔት የተለጠፈባቸው ርግቦች ፀሐይ ባለበት ቀን እንደማይቸገሩ፣ ደመና በሸፈነው ቀን ግን አቅጣጫ እንደሚጠፋባቸው አሳየ። በጣልያን ፒዛ ደግሞ ፍሎሪያኖ ፓፒና ባልደረቦቹ በ1972 የማሽተት ነርቫቸው የተቆረጠ ርግቦች ከማያውቁት ቦታ ሲለቀቁ ቤታቸውን ለማግኘት እንደሚሳናቸው ገለጹ። ይህን ሁሉ ያጠና ሰው «ጎዳና ተከትለው ይመጣሉ» ሲባል ቢስቅ አይደንቅም።

በ2004 ግን ሃንስ ፔተር ሊፕና ባልደረቦቹ በሮም አካባቢ ርግቦች ላይ የሳተላይት መከታተያ አስረው ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ርግቦቹ በብዛት አውራ ጎዳናዎችን ተከትለው ይበሩ ነበር፤ አንዳንዶቹም እንደ መኪና በመውጫ መንገዱ ላይ ይታጠፉ ነበር። ጽሑፉን ይዤ ወደ ሽማግሌው ሄድሁ። አልተደነቁም። «ታዲያ ይህን ለማወቅ ሳተላይት አስፈለገ?» ብቻ አሉኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «ልምድ ከመጽሐፍ ይበልጣል» ብዬ እቀመጥ ነበር። ነገር ግን አራተኛ አስተያየት አለ፤ እርሱም የዓይን ነገር ነው። ብዙ አርቢዎች በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ቀለበት በማጉያ መነጽር እያዩ ርግቡ አሸናፊ ወይም ጥሩ ዘር ሰጪ መሆኑን እናውቃለን ይላሉ። ለዚህ እምነት አጥጋቢ ሳይንሳዊ ማስረጃ አልተገኘለትም። የኔ ሽማግሌ ግን ከመኖውም ከጎዳናውም በላይ የሚተማመኑት በዚህ ነበር። ከርግብ ቤቱ ያሉትን አሸናፊዎች አንድ በአንድ እያነሡ ዓይናቸውን አሳዩኝ፤ በእርግጥም ይመሳሰሉ ነበር።

አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ «ያልተመለሱት ርግቦች ዓይናቸው እንዴት ነበር?»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «ያልተመለሰን ርግብ ዓይን ማን ያያል?» አሉኝ።

የዛሬው ገለጻዬ ሁሉ በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ የቆመ ነው። በየዓመቱ ከሚፈለፈሉት ወጣት ርግቦች ብዙዎቹ ይጠፋሉ። አንዳንዱ ጭልፊት ይበላዋል፤ አንዳንዱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ይጋጫል፤ አንዳንዱ ደክሞ በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ይቀራል። አርቢው የሚመረምረው የቀሩትን ብቻ ነው። አሸናፊዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዓይን ቢኖራቸው፣ የጠፉትም ያንኑ ዓይን ይዘው ጠፍተው እንደ ሆነ የሚያውቀው ነገር የለም። ልምድ መምህር ነው፤ ይሁን እንጂ የሚያስተምረው ተመልሰው በገቡት ምስክርነት ብቻ ነው።

ሽማግሌው ጥያቄውን በቅን ልብ ተቀበሉት። በሚቀጥለው ወቅት ወጣቶቹን ሁሉ ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ዓይናቸውን አይተው «ጥሩ» እና «ደካማ» እያሉ በደብተር መዘገቡ። ወቅቱ ሲያልቅ ደብተሩን አብረን ገለጥነው፤ «ጥሩ» የተባሉት ከሌሎቹ የተሻለ ሲመለሱ አላየንም። የአንድ ሰው የአንድ ዓመት ደብተር ማስረጃ አይባልም፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው። እርሳቸውም እምነታቸውን አልተዉም። «ዓመቱ ክፉ ነበር፤ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነበር» አሉኝ። ከደቡብ ለሚመጣ ርግብ ያ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚገጥመው ነገሩ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ማምለጫ ከዚያ ወዲህ በጥናት ውይይቶች ላይ ከተማሩ ሰዎች አፍ፣ ከራሴም አፍ ጭምር፣ ስሰማው ኖሬአለሁ።

ቻርልስ ዳርዊንም በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ነው። በ1850ዎቹ አጋማሽ ርግብ ማርባት ጀመረ፤ የለንደን ርግብ አርቢዎች ማኅበራትም አባል ሆነ። በ1859 ያሳተመው «የዝርያዎች አመጣጥ» የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ርግብ በሰፊው ያወራል። አርቢዎቹ እርሱ የማያየውን የላባ ልዩነት የሚለዩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ተማረ። ነገር ግን እያንዳንዱ የርግብ ዓይነት ከተለየ የዱር ዝርያ የመጣ ነው የሚለውን እምነታቸውን አልተቀበለም፤ ሁሉም ከአንድ የዱር የገደል ርግብ የተገኙ ናቸው አለ። ያዩትን ተቀበለ፤ ስላዩት የሰጡትን ምክንያት ግን መረመረ። ይህ ልዩነት ለእኛም መመሪያ ሊሆነን ይገባል። ሽማግሌው «ርግቤ በጎዳናው ላይ መጣ» ሲሉ ያዩትን መናገራቸው ነበር። «ዓይኑ ነው ያሸነፈው» ሲሉ ግን ያላዩትን ምክንያት መስጠታቸው ነበር። የሁለቱ ቃላት ድምፅ አንድ ነው፤ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም።

የእኛ ሙያ ሰዎችም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ሰኔ 29 ቀን 1997 በአውሮፓ አቆጣጠር 60 ሺህ ገደማ የእንግሊዝ ርግቦች ከፈረንሳይ ናንት ተለቀው እጅግ ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ። የኮንኮርድ አውሮፕላን የፈጠረው የድምፅ ሞገድ አሳስቷቸው ይሆናል የሚል መላ ምት ቀርቧል፤ መላ ምት ነው እንጂ የተዘጋ ጉዳይ አይደለም። ገንዘቡም ነገሩን አክብዶታል። በኅዳር 2020 «ኒው ኪም» የተባለች የቤልጂየም ሴት ርግብ በጨረታ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጣለች። እንዲህ ያለ ዋጋ ባለበት ገበያ የዘር ሐረግና የዓይን ምልክት ሸቀጥ ይሆናሉ፤ «ያልተመለሱትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢም ጥቂት ነው። ሽማግሌው ይህን ገበያ አይወዱትም ነበር። የጠፋ ርግብ ሲኖራቸው የቤቱን መግቢያ በማግሥቱም ክፍት ይተዉለት ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ርግብ ብቻ ቢሆን አላደክማችሁም ነበር። ወደ ገበሬው ማሳ ስንወርድ የሚነግረንን እንዲሁ በጅምላ ማጣጣልም፣ በጅምላ ማወደስም ቀላል ነው። የሚከብደው ያየውን ከገመተው ለይቶ መስማትና የከሸፈበትንም ዓመት መጠየቅ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ራሴን ልጠይቅ። ለብዙ ዓመታት የአንደኛ ዓመት ኮርሴን አክብጄ አስተምር ነበር። «ይህ ኮርስ ሰው ያደርጋል» እያልሁ ማስረጃ የማቀርበው ዛሬ ዶክተርና ፕሮፌሰር የሆኑትን ተማሪዎቼን እየጠቀስሁ ነበር። በመካከል አቋርጠው የሄዱትን ለምን እንደ ሄዱ፣ እኩል ችሎታ ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም ብዬ መዝገባቸውን የገለጥሁበት ቀን አልነበረም። እኔም የምመለከተው ተመልሰው የገቡትን ርግቦች ዓይን ብቻ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያቋረጡትን ተማሪዎች ዝርዝር ከመዝገብ ቤት አውጥቼ፣ የማገኛቸውን እያገኘሁ መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ከሚነግሩኝ ውስጥ ለመስማት የሚከብደኝ አለ። ፋኩልቲያችን ይህን ሥራ የአንድ መምህር የግል ጥረት ከማድረግ ይልቅ የራሱ እንዲያደርገው በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።