ዋና መሥሪያ ቤት የሌለው የወላይታ ቁርጥ

«ወላይታ ቁርጥ» የሚለው ሰሌዳ ከወላይታ ሶዶ አልፎ በሐዋሳም በአዲስ አበባም ተሰቅሏል። ስሙ በየቦታው አንድ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ባለቤት አለው። ስሙን የሚያከራይ ኩባንያ የለም፤ የምግብ ዝርዝር አዘጋጅቶ ለቅርንጫፎች የሚልክም የለም። ደንበኛው ግን ገና ከደጅ ምን እንደሚቀርብለት ያውቃል።

ቤቱ የሚጀምረው ከልኳንዳው ነው። ሥጋው ከፊት ለፊት ተሰቅሏል። ደንበኛው ወንበር ከመያዙ በፊት ቆራጩ ዘንድ ቆሞ ዳቢት ይሁን ሽንጥ፣ ጮማ ይብዛበት ወይስ ቀይ ይሁን ብሎ ይመርጣል፣ በኪሎ ያስመዝናል። ጥሬው ከቢላ ጋር ወደ ጠረጴዛ ይመጣል፤ ጥብስ የፈለገ ወደ ማድ ቤት ያስልካል። በአንዳንድ ቤት ልኳንዳው የአንዱ፣ መጠጡና ወንበሩ የሌላው ሰው ንግድ ሆኖ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። ለማነጻጸር ያህል፣ ሲንጋፖር በየጎዳናው ይሸጡ የነበሩ ምግብ ነጋዴዎቿን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በመንግሥት ዕቅድ ወደ ጋራ አዳራሾች ሰበሰበች፤ ይህ የምግብ ባህሏም በ2020 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የኛው ቁርጥ ቤት ግን ማንም ሳያቅድለት ከገበያው የበቀለ ነው።

የስሙ ምንጭ ግን ቆራጩ ሳይሆን በሬው ነው። ወላይታ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ያለበት፣ የአንድ ቤተሰብ መሬት እጅግ የጠበበበት አካባቢ ነው። ለግጦሽ የሚለቀቅ ሰፊ ሜዳ ስለሌለ ገበሬው በሬውን እደጁ አስሮ በእጁ ይቀልበዋል። የታጨደ ሣር፣ የስኳር ድንች ሐረግና ሥር፣ የእንሰት ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ፣ ቦይና (ጎደሬ)፣ አንዳንዴም የተቀቀለ እህል ከጨው ጋር ይሰጠዋል። አብዛኛው በሬ ሲያርስ የኖረ ነው። እርሻው ሲያበቃ ለወራት ተቀልቦ ለበዓል ገበያ ይወጣል፤ ትልቁም ገበያ በመስከረም የሚከበረው የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ነው። ለጊፋታ በሬ ወንዶች በማኅበር ሆነው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ለቅቤው ይቆጥባሉ። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊገዛው የማይችለው በሬ እንዲህ ለብዙ ቤት ይከፋፈላል። የቁርጥ ቤቱ ንግድ የቆመው በዚህ ልማድ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሥጋው ያለ ዳጣ አይበላም። ዳጣ በቃሪያ ወይም በእሸት በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በመዓዛማ ቅጠሎች የሚፈጭ እርጥብ ማባያ ነው። እንደ አዋዜ የደረቀ በርበሬ መልክ የለውም፤ ትኩስነቱ ጮማውን ይሰብረዋል። የየቤቱ ልዩነትም ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሥጋው ጥሩ ሆኖ ዳጣው የከረመበት ቤት ደንበኛ አያጠግብም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን አንባቢውን መበደል ይሆንብኛል። ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያስተላልፋል፤ ዳጣም አረቄም አይገድሉትም። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ወይም ለቀናት አጥብቆ ማቀዝቀዝ ነው። ጥሬ የሚበላ ሰው ቢያንስ በሬው በቄራ መታረዱን፣ ሥጋው በባለሙያ ተመርምሮ ማኅተም እንዳረፈበት ማየት አለበት። ማኅተሙን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ባለ ልኳንዳ ሳይጠየቅም ያሳያል።

ወደ ስሙ ስንመለስ፣ በእስያ የታወቁት ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤቶች በሌላ መንገድ አድገዋል። የፊሊፒንሱ ጆሊቢ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይስክሬም ቤት ተነሥቶ ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው። ስሙም አሠራሩም የአንድ ኩባንያ ሀብት ስለሆነ፣ ስሙ ባደገ ቁጥር ትርፉ ወደዚያው ይመለሳል። የወላይታ ቁርጥ ስም ሲያድግ ግን በሬውን ሌሊት ተነሥቶ የሚቀልበው ገበሬ ከስሙ የሚያገኘው ድርሻ የለም። ሌላ አካባቢ የደለበ በሬ በዚሁ ሰሌዳ ሥር ቢሸጥም ደንበኛው የሚለይበት መንገድ የለውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞን፣ የይርጋጨፌንና የሐረርን ቡና ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ያነሣችው ክርክር ይኸው ነበር፤ ስሙን የፈጠረው ገበሬ ነውና ከዋጋው ይድረሰው የሚል። የወላይታ በሬ አድላቢዎችም በማኅበር ተደራጅተው ለስማቸው ምልክት ቢጠይቁ፣ ጥያቄው ከቡናው የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።